የመልሱ ሰዓት

ሐሙስ ሐሙስ ይመጣሉ፣ ቢሮው ሲከፈት ጠብቀው፣
የጫማቸውን በረዶ አራግፈው፣ ኮፍያቸውን በእጅ አንቀው።
አፋናሲ ዩጋይ ይባላሉ፤ ሰባ ሁለት ነው ዕድሜያቸው፤
ቲኬት መግዛት አይደለም፣ መጠየቅ ብቻ ነው ጉዳያቸው።

«ሙሀይዮ ልጄ፣ ሴኡል ከታሽከንት ምን ያህል ትርቃለች?»
«አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ትሆናለች።»
«በሰዓትስ?»
«ሲሄዱ ስድስት ተኩል፤ ሲመለሱ ግን ሰባት ተኩል።»
ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ቁጥሩን ያኝኩታል እንደ ጥሬ፤
ሳይገዙ ይወጣሉ፤ «ሐሙስ እመጣለሁ፤ ይብቃኝ ለዛሬ።»

እኔ እዚህ መስኮት ሥር ተቀምጬ ርቀት እሸጣለሁ፤
ካርታው ላይ የተወጠረውን ቀይ ክር በቃሌ አውቃለሁ፤
ራሴ ግን ከሳማርካንድ አልፌ አላውቅም።

አንድ ሐሙስ በጠርሙስ ካሮት ጠቅጥቀው አመጡልኝ፤
እንደ ክር የቀጠነ፣ ኮምጣጤ የጠጣ። «ቅመሺ» አሉኝ።
«እናቴ ጎመን ብትፈልግ ብትፈልግ አጣች እዚህ ስትደርስ፤
ካሮት ከተፈች፣ የለመድነው ጣዕም መስሎን እንድንጎርስ።

«ስድስት ዓመቴ ነበር። ከባሕሩ አፍ ላይ ነበር መንደራችን፤
በመኸር፣ ሩዙ ሳይታጨድ፣ ወታደር ቆመ ከደጃችን።
ከብት ፉርጎ ውስጥ አስገቡን፤ ገለባ ላይ፣ አራት ቤተሰብ፤
‹ወደ ምዕራብ ነው› አለ አባቴ፣ በስንጥቁ ፀሐይን አይቶ ሲያስብ።
በየንጋቱ ጣውላው ላይ በሚስማር አንድ መስመር ጫረ፤
ሠላሳ አንድ ጭረት ሲሞላ ባቡሩ በረሃ ላይ አደረ።
ታናሿ እህቴ በሃያኛው ጭረት ላይ ነው የቀረችው፤
ለውሃ ቢቆም፣ እናቴ ናት ወርዳ ባዶ እጇን የተመለሰችው።
አሁን አንቺ ስድስት ሰዓት ተኩል ትይኛለሽ፤
አላምንሽም ማለቴ አይደለም። ግን እንዴት ትቆጥሪያለሽ?»

ምን ልበላቸው? ማኅተሙን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩ፤
ሌላ የማውቀው ቢጠፋኝ፣ ስለ ነፋሱ ማውራት ጀመርኩ።
«ከደመናው በላይ፣ ወደ ምሥራቅ የሚከንፍ ነፋስ አለ፤
ሂያጁን ይገፋዋል፤ ተመላሹን ደረቱን ይዞ ‹ቆይ› እያለ።»
ሳቁ። የወርቅ ጥርሳቸው ታየ።
«እኛማ የመጣነው ነፋሱን ጥሰን ነዋ!»

በሚያዝያ ገዙ፤ ልጃቸው ክላራ ገንዘብ ልካ፤
አንሳን ውስጥ ትሠራለች፣ የስልክ ገመድ ፋብሪካ።
«ደርሶ መልስ ነው ወይስ መሄጃ ብቻ?»
ኮፍያቸውን አዟዟሩት። ሰልፈኛው ከኋላ ሳለ።
«ደርሶ መልስ» አሉ፤ «ድመቷን ማን ያበላል?»

ቲኬቱ የአንድ ወር ነበር፤ በአሥራ አንደኛው ቀን መጡ፤
ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ውሃ ለመኑኝ፤ ጠጡ።
«ገበያው ጎመን በጎመን ነው፤ ካሮቴን የሚያውቅ የለም፤
አፌን ስከፍት ይስቃሉ፤ ‹አባባ፣ እንዲህ ዛሬ አንልም›።
ባለታክሲው ‹ከየት ነዎት?› አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ አልቀየምኩም፤
ክላራ ‹እዚሁ ይቅሩ› አለች፤ እሺም እምቢም አላልኩም።
ሰዓቴን አልለወጥኩትም፤ እዚያም በታሽከንት ሄደ፤
እነሱ ለምሳ ሲጠሩኝ፣ ሆዴ ቁርሱን ወደደ።»

«መንደርዎስ?» አልኩ፤ ባልል ይሻል ነበር።
«መንደሬማ እዚያም የለችም፤ በሌላ ድንበር ውስጥ ናት፤
ስሟን ለውጠውታል አሉ። ለእሷ ቲኬት አለሽ?»
አልነበረኝም።

ከደረት ኪሳቸው ብጫቂ ወረቀት አወጡ፤ የተጫረ በእርሳስ፤
«ቆጠርኩት፣ ጎማው ከተነሣ መሬት መልሶ እስኪደርስ።
ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት። አንቺ ሰባት ተኩል ነበር ያልሽኝ፤
አስተካክዪው።»

«ነፋሱ ነው» ልል ነበር።
ኮፍያቸውን አድርገው በሩ ጋ ደርሰዋል፤ «ወተት ልግዛ» ይላሉ፣ ለራሳቸው።
መዝገቡን ገለጥኩ፤
ሰባት ተኩልን ሰረዝኩ፤
ጻፍኩት።